አያቶቻችንን ሳያልፉ እንጠይቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሙሴ በዘዳግም 32፥7 ሕዝቡ የቀደመውን ዘመን እንዲያስብ፣ አባቶችንና ሽማግሌዎችንም እንዲጠይቅ ያዛል። ትእዛዙ ለእኛ ለአርሲ ነገሌ ወጣቶችም ነው።

በየሠፈራችን «ሃምሳ አለቃ»፣ «አሥር አለቃ» እየተባሉ የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። አስቀድሰው በጸጥታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ያዩትን ግን ማን ጠየቃቸው?

ለምሳሌ የቃኘው ሻለቃን እንመልከት። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ ከ120 የሚበልጡ ወታደሮች ሲወድቁበት አንድም አልተማረከበትም። ዘማቾቹ በዚያው በባዕድ አገር ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሰብስበው ረድተዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን ኮሚኒስቶችን የወጉ ነበሩና ብዙዎቹ ስለ ዘመቻቸው በግልጥ ለመናገር አልደፈሩም። ዝምታውም ከልጆቻቸው ወደ ልጅ ልጆቻቸው ወረደ። ዛሬ በሕይወት የቀሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወደ አያቶቻችን ቀርበን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ የት ዘመቱ? ሁለተኛ፥ ከጎንዎ የወደቀው ማን ነበር? ሦስተኛ፥ የክርስትና ስምዎ ማን ይባላል? ይህ ሦስተኛው ቀላል አይምሰለን። ማዕረጉን እንጂ ስመ ክርስትናውን የሚያውቅ በሌለበት ቤት፣ ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት ማንን ብሎ ይጥራ?

የሰማነውን በደብተር እንጻፍ። ይህም ጦርነትን ለማወደስ አይደለም፤ ያለፉትን በጸሎት ማሰብ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።