አቅመ አዳም በሁለት ዶላር

እናትየዋ ፊቷን አዞረች፤ ከረጅም ካልሲዋ ውስጥ የተጠቀለለ ገንዘብ አወጣችና ሁለት ዶላር ቆጥራ ለልጇ ሰጠችው። ገንዘቡ የልጁ የራሱ ላብ ነው። አሠሪው ደመወዙን የሚከፍለው ለእናቱ ስለሆነ ግን የድካሙን ዋጋ ለማግኘት መለማመጥ ነበረበት። ልጁ ዴቭ ሳውንደርስ ይባላል። 17 ዓመቱ ነው። በአሜሪካ ደቡብ፣ በአንድ ነጭ ባለመሬት እርሻ ላይ በበቅሎ ያርሳል። በሁለቱ ዶላር ሊገዛ ያሰበው ሽጉጥ ነው።

ታሪኩን የጻፈው ሪቻርድ ራይት ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1940 «ሃርፐርስ ባዛር» በተባለው መጽሔት ላይ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ራይት በኋላ አሻሻለው፤ ፓሪስ ላይ ከሞተ በኋላ፣ በ1961፣ በአጫጭር ልቦለዶቹ መድበል ውስጥ በአዲስ ርዕስ ወጣ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስመልሰው «ወንድ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሰው» አልኩት። እንግሊዝኛው ግን «ወንድ» እና «ሰው» ብሎ አይለይም። ሁለቱም ቦታ ላይ የተቀመጠው ቃል አንድ ነው፤ «ማን»። ተባዕት መሆንንም፣ ለአቅመ አዳም መድረስንም፣ ሰው መሆንንም ይሸከማል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ጥያቄ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህ የፊደል አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ቃሉ ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ አንድ ጥቁር ገበሬ ፀጉሩ ቢሸብትም፣ የልጅ ልጅ ቢያይም፣ ለነጩ «ቦይ» ነበር። «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ ባለመሬቱ ሃውኪንስ የዴቭን አባት «ቦብ» እያለ በስሙ ይጠራዋል፤ እሱን ግን ሁሉም «ሚስተር ሃውኪንስ» ይለዋል። እንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ስለሌለው ራይት ልዩነቱን ያሳየው በማዕረግና በአነጋገር ነው። ታሪኩ በአማርኛ ቢተረጎም ነገሩ ወዲያው ፊት ለፊት ይወጣል፤ ሃውኪንስ አባትየውን አንተ ይለዋል፣ አባትየው እርስዎ ብሎ ይመልሳል፣ ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። ታዲያ ዴቭ ሲያድግ ምን ይሆናል? ቦብን ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚያድግበት ቦታ አልተዘጋጀለትም።

ሽጉጡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ የወንድ ጌጥ ነው ሲባል ለሰማ አንባቢ ምኞቱ እንግዳ አይሆንበትም። ዴቭን ግን ማን አስተማረው? አባቱ ሽጉጥ የለውም። አብረውት የሚሠሩት ጎልማሶች እንደ ሕፃን ይቆጥሩታል። ስለዚህ ወንድነትን የተማረው ከሱቅ ነው። ጆ ከሚባል ነጭ ባለሱቅ ካታሎግ ተውሶ ወደ ቤት ይወስዳል፤ ራት ቀርቦለት እንኳ ዓይኑን ከሽጉጦቹ ሥዕል መንቀል ያቅተዋል። (እናቱ ካታሎጉን ስታይ ቀድሞ የመጣላት ሐሳብ ለሽንት ቤት ይሆናል የሚል ነው፤ እኔ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ አስተዋይዋ እሷ ትመስለኛለች።) ጆ አንድ አሮጌ ሽጉጥ እንዳለውና በሁለት ዶላር እንደሚሸጥለት ነግሮታል። ዴቭ እናቱን ያግባባት አባቴ መሣሪያ የለውም፣ ቤት ያለ መሣሪያ አይሆንም ብሎ ነው። እሷም እሺ ያለችው ሽጉጡን በቀጥታ አምጥቶ እንዲያስረክባት፣ ንብረቱም የአባቱ እንዲሆን ነው። እሱ ግን ደበቀው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በጨርቅ ከራቁት ጭኑ ጋር አስሮ ወደ እርሻ ሄደ።

አሁን ቀስ ብለን እናንብብ። ዴቭ ጄኒ የምትባለውን በቅሎ ጠምዶ ከሰው ዓይን ርቆ ወደ ጫካው ዳር ይሄዳል። ሽጉጡን አውጥቶ የሚያሳየው ለእሷ ነው። በዓለም ላይ የሚያደንቅለት ሌላ ፍጥረት የለውም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኩሳል። ድምፁ ያደነቁረዋል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ ጄኒ ፈርጥጣ ትሮጣለች። የደነገጠች ነው የመሰለው። ሲደርስባት ጎኗ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ደም ይንፎለፎላል። እርጥብ ጥቁር አፈር ይዘግንና ቁስሉን ሊደፍነው ይሞክራል። ደሙ አፈሩን እየገፋ ይወጣል። እንደገና ይዘግናል።

ይህን አፈር አትለፉት። ዴቭ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው መድኃኒትም መሣሪያም አፈር ነው፤ በደነገጠ ጊዜ እጁ የሄደው ወደዚያው ነው። ሽጉጡንም በኋላ ከዛፍ ሥር አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። ለጄኒም አመሻሹ ላይ የሃውኪንስ ሰዎች ጉድጓድ ይምሱላታል። ዓይኑን መጨፈኑንም በልባችሁ ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

ሰው ይሰበሰባል። ዴቭ በቅሎዋ አመሏ ተለውጦ ማረሻው ጫፍ ላይ ወደቀች ብሎ ይዋሻል። አንዱ ቀዳዳው የጥይት ይመስላል ይላል። እናቱ ትጨቀጭቀዋለች፤ እያለቀሰ እውነቱን ያወጣል። የተሰበሰበው ሁሉ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እዚህ ቦታ ላይ ስቄያለሁ፤ የማረሻው ውሸት በእውነት ያስቃል። ራይት ያሰበው ግን ይህንኑ ይመስለኛል። አንባቢውን ከሳቂዎቹ ጎን ካቆመ በኋላ ወደ ሒሳቡ ይመራዋል።

ሒሳቡ ይህ ነው። ሃውኪንስ አይቆጣም። የሞተች በቅሎ ገዝተሃል እያለ ይቀልዳል፤ ዋጋዋ 50 ዶላር ነው፣ ልጁ እየሠራ በወር ሁለት ሁለት ዶላር ይክፈለኝ ይላል። ሃያ አምስት ወር ማለት ነው፤ ዴቭ ከዕዳው ነፃ ሲወጣ 19 ዓመት ያልፈዋል። ሽጉጡ ሁለት ዶላር፣ ወርሃዊ ዕዳውም ሁለት ዶላር። ራይት ቁጥሩን በዘፈቀደ አላስቀመጠውም። የራይት አባት እኩል አራሽ ነበር፤ ራይት ራሱም በ1908 በሚሲሲፒ የተወለደ ነው። በዚያ አገር እኩል አራሹ ዘሩንም ቀለቡንም በዱቤ ይወስድ ነበር፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ሒሳብ የሚሠራው ባለመሬቱ ነበር። ብዙው ቤተሰብ ዓመቱን ደክሞ በዕዳ ይጨርስ ነበር። በሕግ ባርነት ከቀረ ከ1865 ወዲህ ሰውን መሬት ላይ ካሰሩት ገመዶች አንዱ ይህ የዕዳ መዝገብ ነበር። ሃውኪንስ ደግ ሰው መስሎ የሚታየው፣ ሳያስፈራራና ሳይጮህ መዝገቡን ስለሚከፍት ነው።

አባትየውስ? በባለመሬቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ የነበረው ሰው ለልጁ ዱላ ይምልለታል፤ ሽጉጡን ፈልገህ ለጆ መልስ፣ ሁለት ዶላሩን ተቀብለህ ለሃውኪንስ ክፈል ይለዋል። የመጀመሪያዋ የወር ክፍያ መሆኗ ነው። ቦብ ወንድነቱን የሚያሳይበት ቦታ የልጁ ጀርባ ብቻ ነው። በእሱ ላይ ለመፍረድ ግን አልቸኩልም፤ ሃውኪንስን ቢቆጣ ምን ሊደርስበት እንደሚችል በዚያ አካባቢ የማያውቅ ጥቁር አልነበረም።

ይህን ታሪክ «ለልጅ መሣሪያ አይሰጥም» ወደሚል ምክር የሚያወርዱት አሉ። ምክሩ ልክ ነው፤ ዴቭ ዋሽቷል፣ ቃሉን አጥፏል፣ ምንም ያላደረገችውን እንስሳ ገድሏል። ራይትም ሊያጸድቀው አይሞክርም። ነገር ግን ምክሩ ዴቭን ወደ ሽጉጡ ምን እንደነዳው አይጠይቅም። የነዳውን ነገር ከዓመታት በኋላ ሌሎች ሰዎች ጽፈው አደባባይ ይዘውት ወጥተዋል፤ በ1968 በሜምፊስ ከተማ 1,300 የሚሆኑ ጥቁር የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊደግፋቸው ሄዶ የተገደለው እዚያው ነው። ሠራተኞቹ የያዙት ጽሑፍ ላይ «እኔ ማን ነኝ» ይላል፤ በእንግሊዝኛው «ማን» አንብቡት። ሰው ነኝ ማለት ነው፤ ወንድ ነኝ ማለትም ነው፤ ልጅ አይደለሁም ማለትም ነው። ከያዙት ውስጥ ብዙዎቹ ልጆች ያሳደጉ አባቶች ነበሩ። የዴቭ ታሪክ ከታተመ 28 ዓመት አልፎ ነበር።

ወደ ዴቭ እንመለስ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። እንደ በቅሎ ያሠሩኛል፣ ከዚያ ይገርፉኛል ብሎ ያስባል። ጄኒን የገደለው ልጅ ራሱን በጄኒ ቦታ ያየው ይህን ጊዜ ነው። ተነስቶ ሽጉጡን ከአፈር ያወጣል። ሊተኩስ ሲል ዓይኑ እንደገና ሊጨፈን ይላል፤ በግድ ከፍቶ ይይዘዋል። ጥይቱ እስኪያልቅ ይተኩሳል። ዓይኑን ገልጦ መተኮስ መቻሉ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ሌላ የተማረ አይመስለኝም። ከጉብታው ላይ የሃውኪንስን ትልቅ ነጭ ቤት ያያል፤ አንዲት ጥይት ብቻ ብትተርፈኝ ብሎ ይመኛል። ሰውየውን ለመግደል አይደለም፤ አስደንግጦ ዴቭ ሳውንደርስ ወንድ መሆኑን ሊያሳውቀው ነው። ሃውኪንስ እንዲያውቅለት የሚፈልገውን ነገር አስቡት።

ባቡር ይመጣል። ሚሲሲፒን አቋርጦ እስከ ቺካጎ የሚዘልቀው የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ነው። ራይት ራሱ በ1925 ወደ ሜምፊስ፣ በ1927 ወደ ቺካጎ ሄዷል፤ ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች ደቡቡን ለቀዋል። ዴቭ ባዶ ሽጉጡን ኪሱ ከትቶ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ወንድ የሚሆንበት አገር ሩቅ ቦታ እንዳለ ያምናል፤ ራይት ግን ባቡሩን እዚያ አያደርሰውም።

እናትየዋ ጠዋት ስትነሳ አልጋው ባዶ ነው። ጄኒም የለችም። ሃውኪንስ ግን ሃምሳ ዶላሩን ከማን እንደሚጠይቅ ያውቃል።