አንድ ለ87፤ የፒያሳን ታክሲ በትንሹ ስለ መሥራት

ልጅ ሆነን የሽቦ መኪና ያልነዳን ጥቂቶች ነን። ሽቦውን አጣምመን፣ ቆርኪውን ቀጥቅጠን ጎማ አድርገን፣ ረጅም መሪ ተክለንለት በሰፈሩ ስንሮጥ ሾፌሩም መካኒኩም ባለቤቱም እኛው ነበርን። ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ ግን እጃችን ከብዕር በቀር ሌላ መጨበጥ ተወ። በዚህ ጽሑፍ ጓደኞቻችንን ወደዚያው የእጅ ሥራ ለመጥራት እንወዳለን፤ ዳሩ ግን የአሁኑ ሥራ በግምት ሳይሆን በልክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ነው። በሌላው ዓለም የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ሐዲዱን ብቻ አይሠሩም፤ ጣቢያውን፣ መንገዱን፣ በመንገዱም የሚሄደውን መኪና ሁሉ በአንድ ልክ ያሳንሳሉ። ከልኮቹ ሁሉ የተለመደው ኤችኦ የሚባለው ሲሆን አንድ ለ87 ማለት ነው፤ ይኸውም 87 ሜትር የነበረው 1 ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ እንግዳ የሆነው ልኩ በእንግሊዝ ጫማ ስለ ተወሰነ ነው። ቀድሞ የነበረው ኦ የተባለው ልክ አንዱን ጫማ በ7 ሚሊሜትር ይመስል ነበር፤ ይህኛው በ3 ሚሊሜትር ተኩል ስለሚመስል «ግማሽ ኦ» ተባለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የትኛውን ሐዲድ እንሥራ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ይህ ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊሜትር ተኩል ስለሚሆን ሞዴል ሠሪዎች በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሠሩታል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ግን፣ ሰሜናዊ መድረሻው በአራዳ በምኒልክ አደባባይ አጠገብ የተደረገው፣ የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው፤ በሞዴል 16 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። እንግዲህ የድሮውን ለገሃር የሚሠራ ጠባቡን፣ የዛሬውን ፒያሳ የሚሠራ ሰፊውን ይመርጣል። ሁለቱን በቸርችል ጎዳና አገናኛለሁ የሚል ቢኖር፣ አንድ ኪሎሜትር በዚህ ልክ 11 ሜትር ተኩል መሆኑን አስቦ ጠረጴዛውን ያዘጋጅ! እኛ የመኝታ ክፍላችንን ጠረጴዛ አይተን አንድ የፒያሳ ማዕዘን ብቻ መረጥን።

ከሐዲዱ አጠገብ የሚቆመውም መኪና የዘመኑ ሊሆን ይገባዋል። ሴቼንቶ የምንላት ፊያት 600 የአያቶቻችን ዘመን ታክሲ ስለ ሆነች ጓደኛዋ የጂቡቲው ባቡር ነው። እርሷን ከቀላሉ ባቡር ጎን ደንበኛ ስትጠብቅ ማቆም፣ የታሪክ ተማሪ ዐፄ ቴዎድሮስን በስልክ እንዲያነጋግር እንደ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለፒያሳችን ቁጥሯ ከቀን ወደ ቀን እየተመናመነ የሄደውን ላዳ መረጥን።

የአሠራሩ ተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ልክ። የመጀመሪያዋ ላዳ፣ 2101 የተባለችው፣ ርዝመቷ 4073፣ ወርዷ 1611፣ ቁመቷ 1440 ሚሊሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 47፣ 18 ተኩልና 16 ተኩል ሚሊሜትር ይሆናል። ባለታክሲውን አስፈቅዶ የመስኮቱንና የበሩን ልክ በሜትር መውሰድ ግን ከመጽሐፍ ይበልጣል።

2ኛ፤ አካል። ከአዲስ ሸሚዝ ውስጥ የሚወጣውን ካርቶን ወስደን ሁለቱን ጎኖች በአዲስ ምላጭ እንቆርጣለን። በመካከላቸው ሦስት ወይም አራት ካርቶን አግድም አቁመን በኮላ እናጣብቃለን። ከዚያ በኋላ አንድ ቀጭን የወረቀት ቅዳጅ ከኮፋኖው ጀምረን፣ በጣራው ላይ አሳልፈን፣ እስከ ኋላው ድረስ እናለብሳለን። የበሩ መስመር በደነዘዘ መርፌ ተጭኖ ይሰመራል።

3ኛ፤ ጎማ። በወረቀት መብሻ የሚወጣው ክብ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሦስቱን አነባብሮ ማጣበቅ፣ ዙሪያውንም በቀጭን ወረቀት መጠምጠም 7 ሚሊሜትር ያደርሰዋል፤ የላዳም ጎማ በዚህ ልክ ከዚያ እምብዛም አይርቅም።

4ኛ፤ ቀለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኛም ተሳስተናል። የመጀመሪያዋን ታክሲ ከቆርቆሮው እንደ ወጣ በወፍራሙ ስለ ቀባናት በሮቿ ሁሉ ተደፍነው ሳሙና መሰለች። ካርቶን ቀለም ስለሚመጥ አስቀድሞ በውሃ በቀጠነ ኮላ ይቀባል፤ ሲደርቅም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ቀጥሎ የጣራው ነጭ ይቀድማል፤ ጥቁረት ያለው ቀለም ከነጭ ሥር ቢውል ያስተላልፋልና። ነጩ በደንብ ሲደርቅ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነን ሰማያዊውን ከታች በጣም እያቀጠንን ሦስት ጊዜ እንቀባለን፤ በየመካከሉም እንዲደርቅ እንታገሣለን። በሰማያዊው ላይ ጥቂት ነጭ መቀላቀል ይገባል። ከሩቅ የሚታይ መኪና ቀለሙ ይፈዛል፤ ትንሹን መኪና ደግሞ ሁልጊዜ ከሩቅ እንዳለ አድርገን ነው የምናየው። በመጨረሻም በብዙ ውሃ የተበጠበጠ ቡናማ ቀለም በጎማው ዙሪያ ቢነካ የአዲስ አበባን አቧራ ያመጣል።

ታክሲያችን በዚህ ዐይነት ተሠርታ አለቀች። ከኋላዋ የሚቆመው ቤት ግን አላለቀም፤ ዋናው ነገራችንም ይህ ነው።

የመረጥነው ማዕዘን ላይ የእንጨት ሰገነት ያለው አንድ አሮጌ ቤት ነበር። አንድ ቅዳሜ ሄደን በሩንና ሁለት መስኮቶችን ለካን። ሦስተኛውን መስኮትና ሰገነቱን ለሌላ ቅዳሜ ተውነው። ከዚያ ፈተና ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ያም ቤት አብሮ ፈረሰ። ሜትራችንን ይዘን ስንደርስ የሚለካ ነገር አልነበረም።

ማታ ተሰብስበን ሰገነቱን ከትዝታችን ለመሥራት ሞከርን። አንዱ አረንጓዴ ነበር አለ፤ ሌላው ሰማያዊ። አንዱ ስምንት ምሰሶ ቈጠርሁ ሲል ሌላው ከስድስት አይበልጥም ብሎ ማለ። ሁላችንም በዚያ ሥር ስንት ጊዜ አልፈናል! ማየትና መመልከት ሁለት መሆናቸውን ያን ማታ ዐወቅን። ስለ ፒያሳ መፍረስ በየካፌው ብዙ ክርክር ሰምተናል፤ እኛም ተከራክረናል። ነገር ግን አንዲት መስኮት ለክተን ያላስቀመጥን ሰዎች የጠፋውን ነገር በትክክል ምን እንደ ነበረ መናገር አልቻልንም።

ስለዚህ የማናውቀውን ፈጥረን ላለመሥራት ተስማማን። በሞዴላችን ላይ ያ ግድግዳ ቀለም ሳይነካው ባዶ ካርቶን ሆኖ ቆሟል።

እንደ እኛ እንዳትዘገዩ አንድ ቀላል ዘዴ እንንገራችሁ። መሰላል አያስፈልግም። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ አንዱ ጓደኛ የ1 ሜትር ዘንግ ይዞ ከግድግዳው ተጠግቶ ይቁም፤ ሌላው ፊት ለፊት ርቆ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ። ዘንጉ በሥዕሉ ላይ ስላለ የመስኮቱን ቁመትና የሰገነቱን ርዝመት በኋላ ረጋ ብሎ ማስላት ይቻላል። ቀለሙንና የምሰሶውን ቍጥር በዚያው ሰዓት በደብተር ጻፉ።

አንድ ማዕዘን፣ ሦስት ጓደኛ፣ አንድ ሜትር ይበቃል። መልካም ሥራ ይሁንላችሁ፤ ልኩን ግን ከፈተናው በፊት ውሰዱ።