ከቤተ ሙከራ እስከ ቆጋ ማሳ፦ በምርምር ሙያ ለመኖር የት እንግባ?

መግቢያ

የመመረቂያ ዓመት ሲደርስ ዶርም ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ዩኒቨርሲቲ ትቀራለህ ወይስ ኩባንያ ትገባለህ?" የሚቀረው ምርምር ስለሚወድ፣ የሚወጣው ደመወዝ ስለሚፈልግ ነው ይባላል። እኔም ቤት ስደውል እናቴ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ከእኔ በታች ገና የሚማሩ ሁለት ልጆች ስላሉ ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ። እሱም "የትኛውን ችግር ይዤ ልቆይ?" የሚለው ነው። ለዚህም ሩቅ ሳንሄድ ከቆጋ እንጀምር።

ቆጋ ላይ የተሞከረችው ትንሽ መሣሪያ

ከባሕር ዳር በዳንግላ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ሲባል መራዊ ትገኛለች። በአካባቢዋ የቆጋ ግድብ አለ። ግድቡ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝና ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ የታቀደ ነው። ውኃው በዋና ቦይ ወጥቶ፣ በማታ ማጠራቀሚያዎች አልፎ፣ በየብሎኩ በተራ ለገበሬው ይደርሳል።

ታዲያ ተራው የደረሰው ገበሬ ስንት ሰዓት ያጠጣ? ከላይ ሲታይ መሬቱ ረጥቧል፤ ከሥር ግን ውኃው የት እንደደረሰ በዓይን አይታይም። ሰው ሲጠራጠር አብዝቶ ማጠጣቱ የታወቀ ነው። ከሥሩ ያለፈው ውኃ ደግሞ በውድ የተገዛውን ማዳበሪያ ይዞ ይወርዳል፤ ከቦዩ መጨረሻ ያለው ጎረቤትም ይጎድልበታል።

ለዚህ ችግር የተሠራ የውኃ ጥልቀት ጠቋሚ አለ። ሐሳቡን ያመነጩት በአውስትራሊያ ብሔራዊ የምርምር ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ስቲርዛከር ናቸው። ከመሬት በታች የሚቀበር የፕላስቲክ ማጥለያ ቀፎ (እንቅብ የመሰለ ማለት ይቻላል) ነው። ወደ ታች የሚወርደው እርጥበት ቀፎው ውስጥ ሲጠራቀም ትንሽ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ያ ውኃ ተንሳፋፊውን ያነሳና ከመሬት በላይ ያለው ምልክት ብቅ ይላል። ባትሪ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጠለቅ ሳይል፣ አንዱ ጠልቆ ጥንድ ሆነው ይቀበራሉ። ላይኛው ካልተነሳ ውኃው አንሷል፤ ታችኛው ሁልጊዜ ከተነሳ በዝቷል ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ይህች ዕቃ በአንድ ቤት አላለቀችም። መነሻዋ የአፈር ፊዚክስ ነው። በደቡብ አፍሪካ ከፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በገበሬ ማሳ ተፈተነች፤ ከዚያ አምራች ኩባንያ ለገበያ አወጣት። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለም አቀፉ የመስኖ ኮሚሽን የውኃ ቁጠባ ሽልማት ሰጣት። በ2010ዎቹ ደግሞ የዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ኢንስቲትዩትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ሥራ ቆጋን ጨምሮ በሀገራችን ማሳዎች ላይ ተሞከረች።

እዚህ ላይ አዲስ ጥያቄ ተወለደ። ውኃ በተራ በሚሰጥበት ቦታ ምልክቱ "ይበቃል" ቢልም ገበሬው "የሚቀጥለው ተራዬ እስኪደርስ ቢደርቅብኝስ?" ብሎ ቢያስብ ትክክል ነው። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም፤ የተራው አሰጣጥም መጠናት አለበት። ይህን ቤተ ሙከራ ተቀምጦ ማንም አያገኘውም።

አንድ ሰው፣ ብዙ ቤት

ስለ ዕቃዋ ይህን ካልን የሰውን ጉዞ ደግሞ እንይ። ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከአለማያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ፤ በ1978 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በቀጥታ መምህር ሆነው አልቀሩም። በ1979 ሱዳን ሄደው በዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ማዕከል ተቀጠሩ፤ በ1983 ድርቅን የሚቋቋም ሐጂን ዱራ-1 የተባለ ዲቃላ የማሽላ ዝርያ ለአርሶ አደሩ እንዲለቀቅ አበቁ።

ዲቃላ ዘር ግን አንድ ጣጣ አለው። ገበሬው ካጨደው ላይ አስቀምጦ ቢዘራው የመጀመሪያውን ያህል አይሰጥም፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚያባዛ ይፈልጋል። አባዥ ከሌለ ዝርያው የምርምር ጣቢያ ውስጥ ይሞታል። በመሆኑም የዘር ማባዛቱና ሽያጩ ጉዳይ ከሳይንሱ ጋር አብሮ የሚሠራ ሥራ ሆነ።

በ1984 ወደ ፐርዱ ተመልሰው አቀንጭራን ያዙ። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ጠብቶ የሚኖር አረም ነው፤ ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ካላገኘ ዘሩ አይበቅልም። ከባዮኬሚስት ባልደረባቸው ጋር ይህን ምልክት አጥንተው የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ፤ በ1994 ስምንት ቶን ዘር በአንድ የረድኤት ድርጅት አማካይነት ለአፍሪካ ሀገሮች ተከፋፈለ። በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የሥራ ቦታቸው ተቀያይሯል፤ ችግሩ ግን ያው የገበሬው ማሽላ ነበር። ዩኒቨርሲቲው "ለምን?" ብሎ መጠየቂያ ጊዜ ሰጣቸው፣ የምርምር ማዕከሉ ማሳ ሰጣቸው፣ የዘር ሥራው ደግሞ ውጤቱ ገበሬ እጅ እንዲገባ አደረገ።

እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ?

1ኛ/ የልምምድ ጊዜያችንን ፊርማ ማስሞያ አናድርገው። በሄድንበት ቦታ በተደጋጋሚ የሚበላሸውን ወይም የሚባክነውን አንድ ነገር መርጠን በየቀኑ እንመዝግብ። ከሦስት ወር በኋላ በእጃችን ማንም የሌለው መረጃ ይኖራል።

2ኛ/ የመመረቂያ ሥራችን ከዚያ መዝገብ ይውጣ። ከመምህራችን ሌላ ቦታውን የሚያውቅ ሁለተኛ አማካሪ እንፈልግ፤ የቦይ ተቆጣጣሪም ሆነ የፋብሪካ ቴክኒሻን ሊሆን ይችላል።

3ኛ/ ሁለት ጽሑፍ እንጻፍ። አንዱ ለዲፓርትመንቱ፣ ሌላው ለተጠቃሚው የሚሆን አንድ ገጽ በአማርኛ። በቀላል አማርኛ ማስረዳት ካቃተን ነገሩ ገና አልገባንም ማለት ነው።

4ኛ/ የሠራነው አዲስ ከሆነ ከማሳተማችን በፊት ስለ መብቱ እንጠይቅ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፓተንት ሌላ "አነስተኛ ፈጠራ" ለሚባለውም ጥበቃ ይሰጣል። ከድርጅት ጋር ስንሠራም መረጃው የማን እንደሚሆን መጀመሪያ በጽሑፍ እንስማማ። በኋላ መጣላት ወዳጅነትንም ሥራንም ያበላሻል።

መደምደሚያ

ኑሮ ውድ ስለሆነ መጀመሪያ የተገኘውን ሥራ መያዝ ነውር የለውም። ኩባንያ የገባ ሰው ከምርምር ወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የቀረም ተመራማሪ ሆነ ማለት አይደለም። ቁም ነገሩ የምንይዘው ችግር ነው፤ ማስታወሻችን ካልተቋረጠ በኋላ ለማስተርስ ስንመለስ ባዶ እጃችንን አንመጣም።

ለእናቴም በሚቀጥለው ስደውል እንዲህ ልላት አስቤአለሁ፤ "እማ፣ ደመወዝ ያለበት እገባለሁ፤ ደብተሬን ግን ይዤ ነው።" ምን እንደምትመልስልኝ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ "ደብተሩስ ይሁን፣ ብቻ ልጆቹን አትርሳ።" ሁለቱንም ለማድረግ እሞክራለሁ።