በቆሎው ሳይታይ መርጫ አይነሣ

ለደምበጫና አካባቢው በቆሎ አምራቾች ይህን ምክር ደጋግመን ሰጥተናል፤ ዛሬም የምንደግመው አሁንም የሚዘለለው ያው አንድ ነገር ስለሆነ ነው፦ ከመርጨት በፊት ተባዩን መለየት። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች አገራችን ከገባ ወዲህ የበቆሎ ቅጠል መልኩን በለወጠ ቁጥር መርጫ ይነሣል። ተምች ግን ቅጠል ይበሳል፤ ኩሱንም እንደ መጋዝ ብናኝ በመሐሉ ያራግፋል። ቅጠል ዘላይ የሚባለው ነፍሳት አይበሳም፤ ይመጥጣል፣ እየመጠጠም የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስን ያስተላልፋል። ቫይረሱ በቆሎውን ሲይዘው የታች ቅጠሎች ደህና ሆነው ከመሐል በሚወጡት አዲሶቹ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ቆይተውም የቅጠሉን ጅማት ተከትለው የተቆራረጠ ቢጫ መስመር ይሆናሉ። ይህን የምግብ እጥረት ነው ብሎ ዩሪያ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

ማለዳ ፀሐይ ሳትሞቅ ጥቅል ቅጠሉን ከፈት አድርጋችሁ ነፍሳቱን በጣት ንኩት። ተከማችቶ የሚቀመጥ፣ ሲነካም ብዙ የማይነቃነቅ ከሆነ ክሽክሽ ነው። ወደ ጎን ሮጦ ከቅጠሉ ሥር የሚደበቅ፣ ሲነካ የሚዘል፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ቢጫማና በአናቱ ሁለት ጥቋቁር ነጥብ ያለው ከሆነ ግን የምንፈልገው ቅጠል ዘላይ እሱ ነው። በተምጫ ወንዝ ዳር አኸያ ላይ የሚዘል ነፍሳት ስለታየ ዛፉን መርጨትም መቁረጥም አይገባም። ቅጠል ዘላይ ብዙ ዝርያ አለው፤ ብዙዎቹም ምግባቸውን ይመርጣሉ። የበቆሎው የሣር ወገን ይፈልጋል እንጂ ዛፍ አይፈልግም። መጠለያው የማሳችሁ ዳር ሣርና በመስኖ የቆየው በቆሎ ነው።

«እስክለይ ድረስ ማሳዬ ያልቃል» የሚል ገበሬ አለ። ስጋቱ ይገባናል፤ ነገር ግን መለየት የአንድ ማለዳ ሥራ ነው፣ በቫይረስ የተያዘን በቆሎ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። በግምት የተረጨ ኬሚካል የሚገድለው ሸረሪቱንና ተባይ የሚበላውን ነፍሳት ነው፤ ንብ ባለበት የጎጃም መንደር ደግሞ ጉዳቱ ቀፎ ድረስ ይሄዳል። በልጅነቱ የተያዘውን ተክል ወዲያው ንቀሉት፤ ለከብት ቢሰጥ አይጎዳም። የማሳውን ዳር አርሙ፣ በመስኖ የተዘራው ሳይነሣ የክረምቱን በቆሎ አጠገቡ አትዝሩ። ከተጠራጠራችሁ ቅጠሉን ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ሂዱ፤ ከረጫችሁ በኋላ ሳይሆን ከመርጨታችሁ በፊት።