ግንደ ቆርቁርና የደረቀው ግንድ

የዚህ ትምህርት ዓላማ፦ በመንገዳችን ዳር ያለውን አንድ ወፍ ከነጎጆው ማወቅ፤ ያወቅነውንም በደብተር መጻፍ፤ የደረቀ ግንድ ከመቁረጣችን በፊት ማሰብ።

እንቆቅልሽ!
ምን አውቅልህ?
መጥረቢያ የለው፣ መሮ የለው፤ ቤቱን ከግንድ ቦርቡሮ ይሠራል። ወልዶ አሳድጎ ሲያበቃ ቤቱን ለሌላ ለቆ ይሄዳል።

ያላወቀ አገር ይስጥ። ያወቀ ግን ስሙን ከዚህ በታች ያገኘዋል።

1. ወፉ ማን ነው?

ይህ ወፍ ግንደ ቆርቁር ነው። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው፤ ግንድ ስለሚቆረቁር ግንደ ቆርቁር ተባለ። በዓለም ላይ ከ200 በላይ የግንደ ቆርቁር ዓይነቶች አሉ። በአገራችንም ብዙ ዓይነት አለ። እኛ እዚህ ሦስቱን እንይ።

አንደኛው ትንሽ ነው። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ስንዝር ያንሳል ማለት ነው። ጀርባው ወርቅማ ቢጫ ነው፤ ከጭራው በላይ ቀይ አለው። ወንዱ አናቱና ማጅራቱ ቀይ ነው፤ የሴቷ አናት ግን ቡናማ ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የሚኖረው በደጋ፣ ጥድና ኮሶ ባለበት ነው።

ሁለተኛው ከፍ ይላል። ራሱና ደረቱ ግራጫ፣ ሆዱ ላይ ቀይ ያለበት ነው። ሦስተኛው በቆላ የግራር ዛፍ የሚኖር ነጠብጣብ ያለበት ዓይነት ነው።

በመንዝና በግሼ ደጋ ትልልቅ ያገር ዛፍ የቀረው የት ነው? ባብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በገደል አፋፍና በሸለቆ ውስጥ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ጣርማበር ወርደን ወደ ደቡብ ስንመለከት ደግሞ፣ ከደብረ ሲና እስከ አንኮበር ባለው ገደላማ አገር የወፍ ዋሻ ደን አለ። ጥዱም፣ ዝግባውም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም እዚያ ይገኛል። የመርሐቤቴ ሰው ደግሞ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ግራሩን ያገኛል። እንግዲህ ግንደ ቆርቁርን የሚፈልግ ሰው አሮጌ ዛፍ ወዳለበት ይሂድ። አሮጌ ዛፍ በሌለበት እሱም የለም።

2. አካሉና ሥራው

አናጢ መሣሪያውን በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል። የግንደ ቆርቁር መሣሪያ ግን አካሉ ነው።

መንቁሩ እንደ መሮ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው። ብዙዎቹ ወፎች ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ አላቸው። የግንደ ቆርቁር ግን ባብዛኛው ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ቀጥ ባለ ግንድ ላይ ቆንጥጦ ይቆማል። የጭራው ላባ ደንዳና ነው፤ ግንዱን ደግፎ እንደ ሦስተኛ እግር ያገለግለዋል። ምላሱ በጣም ረጅም ነው። የምላሱ ሥር በራስ ቅሉ ዙሪያ ይጠመጠማል። ጫፉ የሚያጣብቅና እሾህማ ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀውን ትል ጎትቶ ያወጣል።

«ታዲያ እንዲህ ሲመታ ውሎ ራሱን አያመውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ድሮ የራስ ቅሉ እንደ ትራስ ምቱን ያለዝብለታል ይባል ነበር። በ2014 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ግን ራሱ እንደ መዶሻ ጥብቅ መሆኑን አሳየ። የማይጎዳው አንጎሉ በጣም ትንሽና ቀላል ስለሆነ ነው።

ግንደ ቆርቁር የሚመታው ለሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትል ለማውጣት ነው። ሁለተኛ፣ ጎጆ ለመቦርቦር ነው። ሦስተኛ፣ ለመነጋገር ነው። በደረቀ ግንድ ላይ ቶሎ ቶሎ ሲመታ እንደ ከበሮ ይሰማል። «ይህ ቦታ የኔ ነው፤ ሚስት እፈልጋለሁ» እንደ ማለት ነው።

3. ቤቱን እንዴት ይሠራል?

ግንደ ቆርቁር እንደ ሌላው ወፍ ሣርና ጭራሮ አይለቅምም። ባልና ሚስቱ እየተፈራረቁ ግንዱን ይቦረቡራሉ። መጀመሪያ ክብ በር ያወጣሉ፤ ከዚያ ወደ ታች ጎድጓዳ ክፍል ይሠራሉ። ሥራው ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ይፈጃል። ከውስጥ የወጣው የእንጨት ፍቅፋቂ ከዛፉ ሥር ይከማቻል። ይህን ልብ በሉ፤ ለታዛቢ ትልቁ ምልክት እሱ ነው።

እንቁላላቸው ነጭ ነው፤ በተረፈው ፍቅፋቂ ላይ ይጣላል። ሁለቱም ይታቀፋሉ። በብዙዎቹ ዓይነቶች ሌሊት የሚታቀፈው ወንዱ ነው። መታቀፉ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪበሩ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይፈጃል። ሲደመር ከመጀመሪያው ፍቅፋቂ እስከ መጨረሻው ጫጩት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

4. ዛፉን ይገድለዋል ወይ?

«ዛፌን ቦርቡሮ አደረቀብኝ» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጎጆውን የሚሠራው ባብዛኛው በደረቀ ወይም ልቡ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም የሻገተ እንጨት ለመቦርቦር ይለሰልሳል። በሽታው ቀድሞ ገብቷል፤ ወፉ የመጣው ኋላ ነው። ሐኪም በበሽተኛ ቤት ስለተገኘ በሽታውን አመጣው አይባልም።

እንዲያውም ወፉ ይጠቅመናል። ከቅርፊት ሥር የሚኖሩትን እንጨት የሚበሉ ትሎች፣ ጉንዳንና ሌሎችንም ይለቅማል። መድኃኒት ሳይረጭ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ ዛፋችንን ይጠብቃል።

5. የተወው ቤት ባዶ አይቀርም

ብዙ ወፎች በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ መውለድ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን መቦርቦሪያ መንቁር የላቸውም። በደጋችን ያለው ጥቁር ክንፍ አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን እንዲህ ነው፤ የሚወልደው በዛፍ ጉድጓድ ነው። ሌሎችም ትንንሽ ወፎች ግንደ ቆርቁር ለቆ የሄደውን ቤት ይወርሳሉ። ማር ወዳለበት ሰውን የሚመራው ወፍ ደግሞ እንቁላሉን በሌሎች ወፎች ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ያስፈለፍላል፤ ከእነዚህ አንዱ የግንደ ቆርቁር ጎጆ ነው።

ስለዚህ አንድ የደረቀ ግንድ ሲቆረጥ የሚፈርሰው የአንድ ወፍ ቤት ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመት ተራ በተራ የሚገባበት ቤት ነው የሚፈርሰው።

6. በመንገዳችን ዳር እንታዘብ

ግንደ ቆርቁርን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ገበያ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድበት የእግር መንገድ ይበቃል። በበጋና በበልግ ወራት፣ በማለዳ፣ እንዲህ እናድርግ፦

ሀ. ቆም ብለን እናዳምጥ። ምቱ ከየት ነው የሚመጣው?
ለ. ከአሮጌ ዛፍ ሥር አዲስ ነጭ ፍቅፋቂ እንፈልግ።
ሐ. ፍቅፋቂ ካገኘን ቀና ብለን ክብ በር እንፈልግ።
መ. ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀን፣ ዛፍ ተደግፈን፣ ዝም ብለን እንቀመጥ።
ሠ. ወፉ ስንት ጊዜ ገባ? ስንት ጊዜ ወጣ? በአፉ ምን ይዟል? እንቁጠር።
ረ. በጉድጓዱ ውስጥ እጅ አናስገባ። እረኞች ልጆቻችሁንም ምከሩ። እንቁላሉ ይሰበራል፤ እባብም ሊኖርበት ይችላል።

ከዚያ ያየነውን እንጻፍ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው። አንድ ምሳሌ እነሆ፦

ቀን፦ የካቲት 12
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
ዛፉ፦ ጫፉ የደረቀ ጥድ
ያየሁት፦ ወንድና ሴት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ገቡ። በአፋቸው ትል ይዘዋል።

«ይህ ምን ዋጋ አለው?» እንዳትሉ። ያ ወርቅማ ጀርባ ያለው የደጋ ግንደ ቆርቁር ስለ ጎጆው አሠራር በመጻሕፍት የተጻፈለት ጥቂት ነው። መጻሕፍት ያልያዙትን የመንዝ ገበሬ ደብተር ሊይዘው ይችላል። ሌላም ምስክር አለ። በአንኮበር ገደል አፋፍ የሚኖር አንድ ትንሽ ወፍ በሳይንስ ሰዎች ዘንድ የታወቀው ገና በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ስም ወጥቶለት በጽሑፍ የተመዘገበው በ1979 ነው። እስከዚያ ድረስ በአገሩ ሰው ዓይን ፊት ሲበር ኖሯል፤ የጻፈው ብቻ አልነበረም።

7. ታዲያ ማገዶውስ?

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ደረቅ ግንድ ለወፉ ቤት ነው፤ ለእናቶቻችን ግን ማገዶ ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት ሲነድ መሬቱ ፍግ ያጣል። በዚህ ብርድ አገር «አትቁረጡ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ እንጀራውን ግን ማን ይጋግረው? ስለዚህ ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነገር እንፈልግ።

አንደኛ፣ ለማገዶ ባሕር ዛፍ አለን። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። የሚገርመው፣ በአውስትራሊያ ግንደ ቆርቁር የሚባል ወፍ ጭራሽ የለም። እኛም ባሕር ዛፍን ልጅ ሆኖ ስለምንቆርጠው ልቡ በስብሶ ለጎጆ አይደርስም። እንግዲህ ባሕር ዛፉ ለእሳት፣ አሮጌው ጥድና ወይራ ለወፉ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መጥረቢያ ከማንሣታችን በፊት ከዛፉ ሥር እንይ። አዲስ ፍቅፋቂ ካለ፣ ያን ቁጥር እናስታውስ፦ ሁለት ወር ተኩል። እስከ ሦስት ወር ብንታገሥ ጫጩቶቹ ይበራሉ።

ሦስተኛ፣ ቅርንጫፉን ወስደን ግንዱን እንተው። ማገዶም እናገኛለን፤ ቤቱም አይፈርስም። በየሰፈሩ አንድ ሁለት የደረቀ ግንድ ቆሞ ቢቀር ማንንም አያደኸይም። ሰውና ከብት ላይ ሊወድቅ የደረሰ ከሆነ ግን ይቆረጥ።

ይህ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአገሩ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ያ የቆየ ሥርዓት ቢላላም፣ ሕዝቡ ኋላ ጓሳን በማኅበር መልሶ መጠበቅ ጀምሯል። ሰፊ የሣር ምድር ለዓመታት መዝጋት የቻለ ሕዝብ አንድን ግንድ ለሦስት ወር መተው እንዴት ያቅተዋል?

ጥያቄዎች

1. ግንደ ቆርቁር ለምን ለምን ነገር ግንድ ይመታል?
2. ዛፉን የሚያደርቀው እሱ አለመሆኑን በምን እናውቃለን?
3. ከዛፍ ሥር አዲስ ፍቅፋቂ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?
4. በሰፈራችሁ ቆሞ እንዲቀር የምትፈልጉት አሮጌ ዛፍ የትኛው ነው? ለምን? በመካከላችሁ ተነጋገሩበት።

የጽሑፍ ሥራ

በዚህ ሳምንት በምትሄዱበት መንገድ ዳር ያያችሁትን አንድ ወፍ በአምስት መስመር ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የዛፉን ስም አትርሱ። የጻፋችሁትንም በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ለጓደኞቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።