ሴል መንገዱን በምን ያውቃል?

እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለናል። በብረቱ ገጽ ላይ ግን ሽሚያው ገና መጀመሩ ነው። የታካሚው ሴሎች ቀድመው ብረቱን ከሸፈኑት ጥሩ ነው፤ ባክቴሪያ ከቀደመ ግን ብረቱን እስከ ማስወጣት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። ሐኪሙ አንቶኒ ግሪስቲና በ1987 እ.ኤ.አ. ይህን ገጹን ለመያዝ የሚደረግ እሽቅድምድም ብሎ ገልጾታል። ታዲያ ሴሎቻችን እንዲቀድሙ ገጹን እንዴት እንሥራው?

በመጀመሪያ የሴልን አካሄድ እንይ። ሴል ፊቱን ወደፊት ይዘረጋል፤ ኢንተግሪን በሚባሉ ፕሮቲኖች መሬቱን ይይዛል፤ ገላውን ይስባል፤ ከዚያ ኋላውን ይለቃል። ስለዚህ የሚረግጠው ነገር አካሄዱን ይወስናል። ይህም በሦስት መንገድ ነው።

1. ቅርጽ፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሮስ ሃሪሰን የፅንስ ሴሎችን በሸረሪት ድር ላይ ሲያሳድግ ሴሎቹ ክሩን ተከትለው ሄዱ። ዛሬም በቲታኒየም ላይ ጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው ቦዮች ሲቀረጹ ሴሎች በቦዩ አቅጣጫ ይጓዛሉ።

2. ኬሚስትሪ፦ ፒርሽባከርና ሩኦስላህቲ በ1984 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ከትልቁ ፋይብሮኔክቲን ፕሮቲን ውስጥ ሴል የሚጨብጠው ዋና ቦታ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ የያዘች አጭር ቁራጭ ናት። ይህችን ቁራጭ በገጽ ላይ መለጠፍ ይቻላል። ሆኖም ብዙ መለጠፍ ሁልጊዜ ፍጥነት አይጨምርም። በ1997 እ.ኤ.አ. ፓሌሴክና ባልደረቦቹ ሴል በፍጥነት የሚሄደው መያዣው መካከለኛ ሲሆን መሆኑን አሳዩ። በእርጥብ ሴራሚክ ላይ እግር ይንሸራተታል፤ በጥልቅ ጭቃ ደግሞ ይያዛል። ሴልም እንዲሁ ነው።

3. ጥንካሬ፦ በ2000 እ.ኤ.አ. ሎ፣ ዋንግና ባልደረቦቻቸው ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ጠንካራ በሆነ ጄል ላይ ፋይብሮብላስት አሳደጉ። ከለስላሳው በኩል የመጡት ወደ ጠንካራው ተሻገሩ፤ ከጠንካራው የመጡት ግን ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። ይህ ዱሮታክሲስ ይባላል።

እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ «ምርጥ ገጽ» የለም። የቁስል መሸፈኛ ሴሎች በፍጥነት እንዲያቋርጡት ይፈለጋል፤ የአጥንት ብረት ግን ሴሎች ደርሰው እንዲሰፍሩበት ይፈለጋል። ሻካራ ገጽ ለአጥንት ሴል ሲመች ለባክቴሪያም መደበቂያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ጥናት ስታነቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የተሞከረው የትኛው ሴል ነው? የተለካው መጣበቁ ነው ወይስ መንቀሳቀሱ? ሙከራው ደም ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች አካቷል? በሰውነት ውስጥ ሴል ከመድረሱ በፊት ፕሮቲኖች ገጹን ይሸፍኑታልና፣ ሴሉ የሚያገኘው እኛ የቀረጽነውን ባዶ ገጽ ሳይሆን እነሱ የለበሱትን ነው። ይህን የዘነጋ ገጽ በላቦራቶሪ ቢያሸንፍም በታካሚው እግር ውስጥ ሊሸነፍ ይችላል።