ልቤ ደረቀብኝ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እጾማለሁ፤ አስቀድሳለሁ። አሁን ግን ልቤ ደርቋል። ጸሎቴ ከአንደበቴ አያልፍም፤ እንባም ከዓይኔ ጠፍቷል። በዚያ ላይ በወላጆቻችን ቤት ውርስ የተነሣ ከታላቅ እኅቴ ጋር ተኳርፈናል። እግዚአብሔር ልቤን ያድስልኛል? መታደሱንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ያድስልሻል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች የድንጋዩ ልብ ወጥቶ የሥጋ ልብ እንደሚሰጣቸው ሲነግራቸው (ምዕራፍ 36)፣ ሥራው የእግዚአብሔር የራሱ እንደ ሆነ አስረድቷቸዋል። አንቺ ብቻሽን እየታገልሽ አትዛዪ።

መታደስሽን በእንባ አትለኪው። የዐቢይ ጾም 7ኛ ሳምንት በስሙ የሚጠራውን ኒቆዲሞስን ተመልከቺ። ፈሪሳዊ፣ የአይሁድም አለቃ ነበር። ሰው እንዳያየው ይመስላል፣ በሌሊት መጣ፤ ጌታም ስለ ዳግም ልደት ነገረው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ግን ኒቆዲሞስ አለቀሰ ወይም ደስ አለው አይለንም። በዚያ ሌሊት የመጨረሻ ቃሉ ጥያቄ ነው፤ ምን ተሰምቶት እንደ ሄደ አናውቅም።

በዚሁ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ እንደገና እናገኘዋለን። ባልንጀሮቹ ጌታን ሳይሰሙት ሲፈርዱበት፣ ሕጉ እንዲህ እንደማይል ተናገረ፤ እነርሱም አንተም ገሊላዊ ነህ እንዴ ብለው አፌዙበት። በምዕራፍ 19 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት በዚያ ዕለት፣ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ሆኖ ጌታን ለመገነዝ 100 ንጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ መጣ። በዛሬው ሚዛን ከ30 ኪሎ ይበልጣል! በጨለማ የመጣው ሰው፣ ተሰቅሎ የሞተውን ጌታ በገሃድ ገነዘው። የልቡን መታደስ ያየነው በዚህ ነው፤ ጊዜም ወስዷል።

እንግዲህ ለልብሽ ድርቀት መንሥኤው ኩርፊያው ብቻ ነው አልልሽም። ቢሆንም ከዚያው ጀምሪ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባ ይዞ የመጣውን ሰው፣ ወንድሙ የተቀየመበት ነገር ካለ፣ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዞታል። ለንስሐ አባትሽ ነገሩን ሳትሸሽጊ ንገሪ። ከዚያ ታላቅሽ ናትና አንቺው ቤቷ ሂጂ። የውርሱን ነገር ለሽማግሌ ተዉት፤ በዚያ ቀን አታንሺባት። ይቅርታ ስትጠይቂ ልብሽ ባይሞቅ እንኳ ከመሄድ አትቅሪ። እምቢ ካለችሽም ተመልሰሽ ለንስሐ አባትሽ አስታውቂ፤ ወደ ቅዱስ ቁርባን የምትቀርቢበትን ጊዜ እርሳቸው ይነግሩሻል።